ቀባሪ ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ገና አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሆን፣ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ካሉት የጋራ መኖሪያ ግቢዎች በአንዱ፣ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እየተነዳ በሁለት ብሎኮች መካከል ገባ። የጫነው የድንኳን ብረት፣ የተጠቀለለ ሸራ፣ ተደራርበው የታሰሩ የፕላስቲክ ወንበሮችና ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ነው። ድንኳኑ የሚተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከዚያ ሌላ ሜዳ የለም። ቦታው ላይ ግን አንዲት ነጭ ቪትዝ ቆማለች። ጥበቃው የማን እንደሆነች አያውቅም። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢም ሰሌዳዋን ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሦስተኛ ፎቋ ተከራይ ናት መሰለኝ» አለ አንዱ። «እሷማ ከለቀቀች ወር አለፋት» አለች ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት። በመጨረሻ ስድስት ጎልማሶች ከፊትና ከኋላ ይዘው መኪናዋን እያነሡ ወደ ጥግ አስጠጓት። ማንቂያዋ አምባረቀ፣ መስኮቶች ተከፈቱ፣ ሰው በየበረንዳው ብቅ አለ። ጡሩምባ አልተነፋም፤ አብዛኛው ሰው ለቅሶ መኖሩን ያወቀው በቪትዟ ጩኸት ነው።

የሞቱት አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ አባት ናቸው። ሌሊት ሆስፒታል ነው ያረፉት። አስከሬኑ እንደ ወጉ መጀመሪያ ቤቱ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር የተነሣው ድንኳኑ ገና ሳይወጠር ነው። ሕንጻው አሳንሰር የለውም። ሣጥን ተሸክሞ ያንን ጠባብ ደረጃ መውጣት፣ በየመታጠፊያው እያቆሙ ማዞር፣ ከዚያ መልሶ ማውረድ ለተሸካሚም ለሟችም ክብር አይሆንም አሉ ወንዶቹ። «አባቴ ቤታቸውን ሳይሰናበቱ አይሄዱም» አለች የመጀመሪያ ልጃቸው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ድንኳኑ ቤት ሆኖ ይቆጠር ተባለ። አስከሬኑ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ተለቅሶለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

የአዲስ አበባን ማደግ አብዛኛው ሰው የሚለካው በፎቅና በመንገድ ነው። እኔ ለዚህ ጽሑፍ የያዝኩት መለኪያ ሌላ ነው፦ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ከሌላ አገር በመጣ ሰው የተሞላች ናት፤ መጤው ደግሞ ሥራና ማደሪያ ካገኘ በኋላ የሚፈልገው ቀባሪ ነው። ከተማዋ ሰዎቿን ባዘዋወረች ቁጥር ከቤቱ ጋር የሚፈርሰው፣ ከቤቱ ቀድሞም መልሶ የሚቋቋመው፣ እድር የምንለው ይኸው የቀባሪዎች ማኅበር ነው።

*

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ ዙሪያውን የሰፈረው የመኳንንቱ ጓዝ ነበር። ለየራሱና ለየደጃዝማቹ ኮረብታ ተሰጠ፤ ጌታው ከላይ፣ ወታደሩና አሽከሩ ከግርጌ። ራስ ሙሉጌታ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር የዚያ ዘመን ትራፊ ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈርም የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው መሬት የሚሰጠው ጌታ አልነበረውም፤ የአገሩ ልጆች ወዳሉበት ሄደ። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ላይ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ተከማቹ። ጎጃም በረንዳ፣ ወሎ ሰፈር፣ ሱማሌ ተራ የሚባሉትን ስሞች ማንም የማዘጋጃ ቤት ሹም ቁጭ ብሎ አላወጣቸውም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ መጤው ከሩቅ አገር ሳይቀር በዛ።

እድርን ብዙዎቻችን ከጥንት ገጠር የወረስነው ነገር አድርገን ነው የምናስበው። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም የእድርን ታሪክ ሲያጠኑ ያገኙት የተገላቢጦሽ ነው። እድር የሃያኛው መቶ ዘመን ነው፣ የከተማ ልጅ ነው፤ አጀማመሩም በተለይ ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱት ጉራጌዎች ጋር ይያያዛል። በሰፊው የተዛመተው ከጣልያን ወረራ ወዲህ ሲሆን፣ ወደ ገጠር የሄደውም ከከተማ ነው። ነገሩ ሲያስቡት ግልጽ ነው። ገጠር ያለ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍርለት ዘመዱ ከወንዙ ማዶ አለ። ገበያ ሊነግድ የመጣ፣ የሰው ቤት ጥግ የሚያድር ጎልማሳ ግን ነገ ቢሞት ማን ይከፍነዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉ ሰዎች በየወሩ ሳንቲም ማዋጣት ጀመሩ።

ጣልያን ከተማዋን በዘር ከፍሎ ሊሠራት ተነሥቶ ነበር። የአራዳን ገበያ ነቅሎ ለነጮች ሲለቅ፣ ያገሬውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ቦታ ሰጠው። አምስቱ ዓመት አለፈ፣ ጣልያን ወጣ፣ መርካቶ ቀረ። ሰው የሚገርመኝን ያህል ከተማ አይገርመኝም፦ የተገፋበትን ቦታ በአንድ ትውልድ ውስጥ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ አደረገው።

*

የሰፈር እድር እንዴት እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ግን ሁለት ነገር ማንሣት አለብኝ፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእነሱ የሚነሣ ነው። አንደኛው የመግቢያ ክፍያ ነው። እድሩ ዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ሳህን፣ አንዳንዱም የሚከራይ አዳራሽ ያፈራል። አዲስ ገቢው ከዚህ ንብረት ድርሻ ስለሚኖረው ያንን የሚያህል ገንዘብ ይጠየቃል። ስለዚህ እድሩ ባረጀና በከበረ ቁጥር በሩ እየጠበበ ይሄዳል። ሁለተኛው የመገኘት ግዴታ ነው። ገንዘብ ብቻ የሚከፍል አባል ግማሽ አባል ነው፤ ቀብር ያልወጣ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣል። ይህ ደንብ የተጻፈው አባላቱ ሁሉ ጡሩምባ የሚሰማበት ርቀት ውስጥ ይኖራሉ ተብሎ ነው።

በጡሩምባው ርቀት ውስጥ ያቆያቸው ደግሞ መዋደድ ብቻ አይደለም። ደርግ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራይ ቀንሶ አቆመው፤ አነስተኛዎቹ ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ጥቂት ብር የሚከፈልበትን ቤት ለቆ የሚሄድ ሞኝ ማን አለ? ልጅ አግብቶ እዚያው ጓዳ ላይ ክፍል ቀጠለ፤ የልጅ ልጅ ቆጥ ሠርቶ ከላይ ተኛ። ሠላሳ ዓመት፣ አርባ ዓመት ያንኑ ግድግዳ የተጋሩ ሰዎች ናቸው ዛሬ «የድሮ ጉርብትና» ብለን የምንናፍቀውን ነገር የሠሩት። ያንን ሁሉ ፍቅር ኪራዩም አብሮ እንደያዘው የሚያነሣ ሰው አይበዛም።

እዚያው ከተማው ሞላ። በ1976ቱ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ነበር፤ በ1987 ከ2.1 ሚሊዮን አለፈ፤ በ1999 ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከነዋሪው ግማሽ ገደማ የሚሆነው ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ቆጠራ አልተደረገም፤ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተላልፏል፤ አሁን የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። የእድር ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ የአባላቱን ቁጥር ሳያውቅ ይህን ያህል ጊዜ በወንበሩ አይቆይም ነበር።

*

በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ ለሙከራ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ለከተማዋ አዲስ የአሰፋፈር ዘዴ አመጣ፤ ዕጣ። ጀሞ፣ ጎተራ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ከተማው ወደ ዳር ተዘረጋ። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለየ። በ2005 ዓ.ም. 20/80 እና 40/60 በተባሉት የቁጠባ ቤት ፕሮግራሞች ምዝገባ ሲከፈት ሰው በመቶ ሺዎች ተሰለፈ። መኳንንቱ በጌታ፣ መጤው በአገር ልጅ፣ ቀበሌው በኪራይ ያሰፈሩትን ሰው አሁን ያሰፈረው ኮምፒዩተር ነው። ሐምሌ 2014 ላይ የወጣው ዕጣ ኮምፒዩተሩ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ሲሰረዝ የተቆጣው ሰው ብዛት፣ የዕጣ ቤት በዚህች ከተማ ምን ያህል ተስፋ እንደተሸከመ ያሳያል።

ዕጣ ደግነት አለው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የምትሠራን ሴት ከጉልት ነጋዴ፣ የሙስሊም ቤተሰብን ከዲያቆን አጠገብ ያስቀምጣል፤ አይመርጥም። ክፋቱ ደግሞ እዚያው ነው፤ ማንም ማንንም አያውቅም። በቀደመው ሰፈር ሰው ሳይመርጥ ነው የተጎራበተው፤ ግን ለመተዋወቅ አርባ ዓመት ተሰጠው።

በዕጣ ያልሄደም አለ። ልደታና የአራት ኪሎ ጓሮ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ሲታደሱ፣ ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዮች የጋራ መኖሪያ ወይም ሌላ ቦታ ያለ የቀበሌ ቤት ተሰጣቸው። በካዛንቺስ ጊዜ የከተማው አስተዳደር ማኅበራዊ ትስስር እንዳይበተን ነዋሪውን በአንድ መንደር አሰፍራለሁ ብሎ ነበር፤ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። ትስስሩ እንደ ችግር መቆጠሩ በራሱ እርምጃ ነው፤ በልደታ ጊዜ እንደዚያ ሲባል አልሰማሁም። ግን ጎረቤትን አብሮ ማጓጓዝ አንድ ነገር ነው፣ ጎረቤቱ የሚሠራበትን ገበያ፣ ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት፣ አባቱ የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ማጓጓዝ ሌላ።

የፈረሰ ሰፈር እድር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሰፈሩ የለም፤ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንጻና ሣር ነው ያለው። እድሩ ግን አለ። በወሩ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በአጥቢያው ሰበካ አዳራሽ ይሰበሰባል። ጸሐፊው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። ድሮ «የቤት ቁጥር» ይል የነበረው ዓምድ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ «ሳይትና ብሎክ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ፦ ጀሞ 2፣ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ገላን፣ እንደገና አራብሳ። አንድ ስም አጠገብ «ልጇ ዘንድ፣ አሜሪካ፤ ክፍያ በባንክ» ይላል። «ከዚህ አራብሳ ሄዶ ለቀብር መድረስ በሁለት ታክሲ ነው፣ ሰልፉ ካለ ደግሞ በሦስት ሰዓት» አሉኝ ጋሼ። ስለዚህ ደንቡን አሻሻሉት። ቀብርም ሠልስትም መውጣት ግዴታ የነበረው፣ አንዱን መውጣት ይበቃል ሆነ። ድንኳኑ የሚቀመጥበት ክፍል ከሰፈሩ ጋር ስለፈረሰ ዕቃውን ሸጠው ገንዘብ አደረጉት፤ ለቅሶ ሲኖር ይከራያሉ። ጡሩምባ ነፊው ጡረታ ወጡ።

«ለምን አዲሱ ሰፈራችሁ አትመሠርቱም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝ ከጎናቸው የተቀመጡ እትዬ ናቸው። «መሥርተናልኮ። እኔ ሁለት እድር አለኝ። እዚያ ያለው ድንኳን ይተክልልኛል፤ እዚህ ያለው ያለቅስልኛል።»

*

እድር ውስጥ በጣም ስስ የሆነው ሥራ መርዶ ነው። አገር ቤት አባቷ የሞተባት ሴት በስልክ አትሰማም፤ ዘመዶቿ የሚደውሉት ለጎረቤት ነው። ጎረቤት ለሌላ ጎረቤት ይነግራል፤ ቢቻል ማታውን ማንም አይነግራትም፤ እራቷን በልታ ትደር። ሊነጋ ሲል ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይሰበሰባሉ፣ ደጋግፎ የሚይዝ ጎልማሳ ይዘጋጃል፣ በሩ ይንኳኳል። በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ላይ ስታይ ቃል ሳይነገራት ታውቃለች። ይህን ለማድረግ ዘመዶቿ የጎረቤቷን ስልክ ቁጥር ማወቅ አለባቸው።

አሁን ያ ቁጥር የለም። ብሎኩ ላይ ሃያና ሠላሳ ቤተሰብ ይኖራል፤ ከእነዚያ ውስጥ ዕጣው የወጣላቸው ባለቤቶች ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ባለዕጣ የባንክ ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ጭቃ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ስለዚህ ባለቤቱ እዚያ የለም፣ ተከራዩ ደግሞ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይለቃል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ የአጎቷን ሞት ያየችው አገር ቤት ያለ የአክስቷ ልጅ ፌስቡክ ላይ ሻማ ለጥፎ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ መገናኛ አካባቢ፣ ከጎኗ የማታውቀው ሰው ተቀምጦ። ሰውዬው ወርዶ ውኃ ገዝቶ ሰጣት፤ ቢሮዋ ድረስም ሸኛት። የከተማ ሰው ክፉ ሆኗል የሚለውን ወሬ ስሰማ ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

ተከራይን እድር አያስገባም፤ ወይም ያስገባና በመግቢያ ክፍያው ያስወጣል። ከተማዋ ዛሬ እጅግ የምትፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ እነሱ ናቸው፦ አርማታ ተሸካሚው፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ ካፌ አስተናጋጇ፣ ሊስትሮው፣ በየሕንጻው ሥር የሚያድረው ጥበቃ። ለእነዚህ ቀባሪው ያገር ልጅ ነው። ከአንድ ወረዳ የመጡ የቀን ሠራተኞች ተሰባስበው ይቆጥባሉ፤ አንዱ ከስካፎልድ ወድቆ ሲሞት ሚኒባስ ተከራይተው ሬሳውን አገሩ ያደርሳሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ገበያ ዳር የነበረው ጉራጌ ያደረገውን ነው እነሱም እያደረጉ ያሉት፤ መዝገቡ ግን ስልካቸው ላይ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸው እድሮችም አንዱ ትልቅ ሥራ ይኸው ነው፤ አስከሬን ወደ አገር መላክ። ከዐረብ አገር በሣጥን የሚመጡትን እህቶች ቦሌ ካርጎ በር ላይ የሚቀበላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብና ጎረቤት ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ጭማሪም እንደ ልብ አይደለም። ስለ አዋጁ በአከራይና በተከራይ ኪስ አንጻር ብዙ ተጽፏል። በእኔ ዓይን ግን ትልቁ ነገሩ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት አንድ ፎቅ ላይ የኖረች ሴት ስሟ ይታወቃል፤ ቡና ትጠራለች፤ ቪትዟ የማን እንደሆነች ጥበቃው ይነግራችኋል።

*

እስካሁን የተናገርኩት ወደ ከተማው ስለመጣው ሰው ነው። ከተማው ራሱ የመጣባቸውም አሉ። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ላይ ብሎክ የቆመበት መሬት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት ነበር። የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ አንድ ቀን ግሬደር መጣ፣ ካሳ ተቆጠረ፣ ማሳው ሳይት ሆነ። የአዲስ አበባና የዙሪያው ኦሮሚያ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ ተቃውሞው ሰፍቶ ብዙ ሰው ሞተ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ተሰረዘ። በ2011 የካቲት የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም ቁጣው እንደገና ወደ አደባባይ ወጣ። በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታና ሌሎችም የዙሪያው ከተሞች ተዋህደው ሸገር ከተማ ሆኑ፤ ያለ ሕጋዊ ሰነድ ተሠሩ የተባሉ በርካታ ቤቶችም ፈረሱ። እዚያ ቤት ከሠሩት ውስጥ ከመሐል ከተማ ኪራይ የሸሹ ብዙ ነበሩ።

ዕጣ የደረሰው ደስ ብሎት ቁልፍ ሲቀበል፣ ብሎኩ ሥር ያለችው መሬት የማን ማሳ እንደነበረች ማንም አልነገረውም። ገበሬው ከግቢው ውጭ ባለችው ቤቱ ይኖራል፤ ልጁ ግቢው ውስጥ ጥበቃ ነው፤ ሚስቱ በር ላይ ወተት ትሸጣለች። ያንን ወተት ጠዋት ጠዋት የሚገዙ ሰዎች እሷ ሐዘን ሲደርስባት ይሰማሉ ወይ ብዬ አስባለሁ። አንዳንድ ቦታ ይሰማሉ። የኮንዶሚኒየሙ እድር ድንኳኑን ለመንደሩ ያውሳል፤ መንደሩ ደግሞ ወንበር ሲያጥር ያመጣል። ፖለቲከኞች ያልጨረሱትን ወሰን እዚያ ድስት ተሸክሞ የሚሻገር ሰው አለ፤ ይህን ማጋነን ግን አልፈልግም፤ የማይሻገርበትም ግቢ አይቻለሁ።

*

የድሮው ሰፈር ናፍቆት ሲበዛ ግን እኔም እበሳጫለሁ። ያ ሰፈር አሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት፣ ጣራው የሚያፈስ፣ የሴት ልጅ አወጣጥና አገባብ በሰዓት የሚመዘገብበት ነበር። ከልደታ ተነሥተው የራሳቸው በር፣ የራሳቸው ቧንቧ ያገኙ ሴቶች «ናፈቀሽ ወይ?» ሲባሉ የሚመልሱት ሳቅ ነው። እድሩም መልአክ አልነበረም። ሴቶች ምግቡን ሲያበስሉ ደንቡን የሚያወጡት ወንዶች ነበሩ፤ ያልከፈለ ድሃ ስሙ በስብሰባ ተነቦ ተሰርዟል። ኤችአይቪ ከተማውን ባጠቃበት ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በየሳምንቱ ድንኳን እየተተከለ ካዝናቸው ሲራቆት ነው ብዙዎቹ እድሮች «እስኪሞቱ ከምንጠብቅ ብንረዳቸውስ» ያሉት። ዘግይተውም ቢሆን አሉት፤ የታመሙትንና ወላጅ ያጡትን ልጆች መደገፍ ጀመሩ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ብዙ ሆኖ መሰብሰብ ሲከለከል ደግሞ ሌላው ነገር ተጋለጠ። ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም። እድሮች ገንዘቡን ለቤተሰቡ አስረክበው ዝም አሉ። ክልከላው ሲነሣ ሁሉም ነገር እንዳለ አልተመለሰም። ሦስት ቀን ይቀመጥ የነበረው ለቅሶ በብዙ ቤት ወደ አንድ ቀን አጠረ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሐዘን ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ቢፈቅድም። ምግቡን አቅራቢ ድርጅት ያመጣዋል፤ ወርሃዊ መዋጮ በሞባይል ባንክ ይገባል፤ ጥሪው በቴሌግራም ነው። ግሩፑ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ አርባ ጊዜ ይደረደራል፤ ድንኳን ተከላ ላይ የሚገኘው ሰባት ሰው ነው።

መቃብሩም ሞልቷል። መሐል ከተማ ያሉ አድባራት ቦታ ስላነሳቸው ሰው በፉካ ላይ በፉካ ይደረደራል። ኮንዶሚኒየም ሲታቀድ መዋዕለ ሕፃናትና ሱቅ ካርታው ላይ ይሰፍራል፤ መቃብር ግን ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ከነዋሪው በኋላ ታግለው የሚያገኙት ነገር ነው። ኮሙናል የሚባለው የጋራ ማብሰያና ማረጃ ክፍል መሠራቱ ግን ያቀደውን ሰው ያስመሰግነዋል። ችግሩ፣ ባየኋቸው ብዙ ግቢዎች ኮሙናሉ ተከራይቷል፤ አንዱ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንዱ የጥበቃዎች ማደሪያ ሆኗል።

*

ባለፈው ዓመት አንድ የኮንዶሚኒየም እድር ደንብ ለማሻሻል ሲሰበሰብ ገብቼ ሰማሁ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ተከራይ ይግባ ወይስ አይግባ። የእድሩ ዳኛ የቀድሞ መምህር ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የትምህርት ቤት ድካም አለ። በመጀመሪያ የተነሡት ጎልማሳ «ተከራይ ነገ ይሄዳል፤ የገዛነውን ድንኳን ማን ይጠብቅልናል?» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ሌላው ደግሞ ግማሽ መግቢያ ከፍለው ይግቡ፣ ሲለቁ የሚመለስላቸው ነገር አይኑር አሉ። ክርክሩ ወደ ሒሳብ ሄደና እዚያ ተተበተበ፤ የሳህን ዋጋ በስንት ይታሰብ፣ የሸራው እርጅና ይቀነስ አይቀነስ።

ከኋላ የተቀመጡ ሒጃብ የለበሱ ሴት እጃቸውን አወጡ። ባለ ስቱዲዮ ናቸው፤ ዕጣው የወጣላቸው በሴቶች ድርሻ ነው። «እኔ የምጠይቀው አጭር ነው» አሉ። «ባለፈው የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ስትታመም ሌሊት ሆስፒታል የወሰዳት ማን ነው? ባለቤቱ ነው? ባለቤቱማ ያለው ካናዳ ነው። ተከራዩ ነው በመኪናው የወሰዳት። እኛ ጓደኛችን ብለነው፣ ሲሞት ግን ጎረቤታችን አይደለም እንለዋለን?»

የሆነ ዝምታ ቢኖር ጥሩ ነበር፤ የሆነው ግን ጫጫታ ነው። ሁሉም ባንዴ ተናገረ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ፤ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ሠላሳ አንድ ለሃያ ስድስት ሆኖ ተከራይ ይግባ የሚለው አለፈ፤ የሁለት ዓመት ውል ያለው፣ ግማሽ መግቢያ በስድስት ወር ከፍሎ የሚጨርስ፣ ድንኳን ተከላ ላይ ካልተገኘ እንደ ማንኛውም አባል የሚቀጣ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ውሳኔውን እዚያው ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው። ስብሰባው ሳይበተን ሁለት ሰዎች ከየፎቃቸው ወርደው፣ አንደኛው ነጠላ ጫማ እንዳደረገ፣ የት ነው የምንመዘገበው ብለው በር ላይ ቆሙ።